ተሳቢዋን የሠራው ማን ነው?

የሰው እጅ የሠራውን ዕቃ ባየን ቁጥር ዋጋውን እንጠይቃለን፤ የመጣበትንም አገር እንጠይቃለን፤ የሠሪውን ስም ግን የምንጠይቀው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ሥዕል ሲሆን ግርጌውን፣ መጽሐፍ ሲሆን ሽፋኑን እንመለከታለን። ማረሻ፣ መጥረቢያ፣ የበር መቀርቀሪያ ወይም የጋሪ መንኰራኵር ሲሆን ግን፣ ሠሪ የሌለው ይመስል፣ እንደ ድንጋይና እንደ ውሃ ከተፈጥሮ የተገኘ አድርገን ተቀብለነው እንሄዳለን። ይህ ልማድ ተራ ዝንጋታ ብቻ አይደለም። ከበስተጀርባው የሰውን ልብ የሚያቆስል አሮጌ ነገር አለ። ይህንንም በቅርብ ያየሁት አንዲት ባለ ሁለት እግር ተሳቢ ባሠራሁበት ወቅት ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ስለ ተሳቢዋ አሠራር በዝርዝር እናገራለሁ፤ ዝርዝሩ ለመሥራት የሚፈልገውን ሁሉ ይጠቅመዋልና። ከሥራው ጋር የሠሪው ነገር አብሮ መነሣቱ አይቀርም።

የምኖረው ሥዕል በማስተማር ነው። ተራራን ከፎቶግራፍ እየገለበጠ ያደገ ተማሪ የተራራ ክብደት ምን እንደሆነ አያውቅም የሚል እምነት ስላለኝ፣ በየዓመቱ ጥቂት ተማሪዎችን ይዤ ከከተማ እወጣለሁ። በ2009 ዓ.ም. የታሰበው ጉዞ ወደ ባሌ ተራሮች፣ ወደ ሳነቴ አምባ ነበር። መኪናችን አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ናት። ሰው ከተሳፈረባት ዕቃ አይገባባትም፤ ዕቃ ከተጫነባት ሰው ይቀራል። በጣሪያዋ ላይ ብዙ ጭነት መቆለልም መፍትሔ አይሆንም፤ ክብደት ወደ ላይ በወጣ መጠን መኪና በየኩርባው መንገዳገዷ ይበዛልና። ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ምድጃ፣ የሥዕል ሸራ፣ ወረቀትና ከሁሉም በላይ 100 ሊትር ውሃ መያዝ ነበረብን። እንግዲህ የቀረው መንገድ ጥርጊያውንና ድንጋዩን ችላ መኪናዋን የምትከተል፣ ሲመሽም መኝታ የምትሆን ተሳቢ ማሠራት ሆነ።

እንዲህ ያለችው ትንሽ ተሳቢ በዓለም ላይ የታወቀችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከ1931 እስከ 1937 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ነው። የአሜሪካ ጦር ለጂፕ መኪናው ሩብ ቶን የምትጭን ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ አሠርቶ ነበር። ጎማዋ የጂፑ ጎማ ነው፤ አንዱ ቢፈነዳ የሌላው ይተካዋል። ሣጥኗም ውሃ ላይ እንድትንሳፈፍ ተደርጋ የተሠራች ናት። ከጦርነቱ በኋላ ከጦሩ የተረፉት ተሳቢዎች በየአገሩ በገበሬውና በመንገደኛው እጅ ገቡ። ሕዝቡም አሠራራቸውን እያየ በየጓሮው የራሱን ይበይድ ጀመር።

መንገድ በሌለበት ምድር ላይ ከባድ ነገር በመንኰራኵር የመጎተት ታሪክ ግን ለእኛም እንግዳ አይደለም። በጋፋት የቀለጠው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ገደሉ እየተናደ፣ ቋጥኙ እየተፈነቀለ፣ መንገዱ ከፊት ከፊት እየተጠረገ በሰው ጉልበት ተጎተተ። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር መንገድ ይጠርጉ እንደነበር ታሪክ ይመሰክራል። የንጉሡን ስም እናውቃለን፤ የመድፉንም ስም እናውቃለን። መድፉን ያቀለጡትን የአውሮፓ ሰዎች ስምም መጻሕፍት ይነግሩናል። ከእነርሱ ጎን ሆነው ወናፍ የነፉትን፣ ለሠረገላው ብረት የቀጠቀጡትን የአገራችንን ሰዎች ስም ግን ማን መዘገበልን?

ወደ ተሳቢዋ ልመለስ። ለትልቅ ጋራዥ የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረን፣ በክፍል ውስጥ «ጎበዝ በያጅ የምታውቁ አላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አልመለሰም። ትምህርቱ አልቆ ሁሉም ከወጣ በኋላ ግን እጁ የተባረከ፣ ንግግሩ ጥቂት የሆነ አንድ ተማሪ ወደ ኋላ ቀረና፣ «መምህር፣ እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ፤» አለኝ። በማግስቱ ከመርካቶ ጀርባ ወዳለች ጠባብ የብየዳ ቤት ወሰደኝ። በመበየድ ላይ የነበሩት ሽማግሌ የፊት መከላከያቸውን ወደ ላይ ሲገልጡ፣ ዐይናቸው፣ ቅንድባቸው፣ አንገታቸውን ዘንበል የሚያደርጉበት ሁኔታ ሁሉ የተማሪዬ ሆኖ አገኘሁት። ይህ ልጅ ትምህርት ቤት በገባበት ዓመት በምዝገባው ቅጽ «የአባት ሥራ» በሚለው መስመር ላይ «ነጋዴ» ብሎ መጻፉን አስታወስሁ። በዚያን ዕለት ግን ምንም አላልሁም።

ሽማግሌው ብረት የለመዱት በገጠር፣ በአባታቸው ወናፍና መስፍ አጠገብ ነው። የኤሌክትሪክ ብየዳውን የጨመሩበት አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ነው። የያዝሁትን ንድፍ ዘርግቼ ላሳያቸው ስል በትሕትና ወደ ጎን አደረጉትና ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ምን ይጭናሉ? በምን ይጎትታሉ? የት ይሄዳሉ?»

መልሱን ከሰሙ በኋላ መኪናዋን አምጡ አሉ። በግቢው አፈር ላይ ውሃ አስረጭተው መኪናዋን በላዩ ካስነዱ በኋላ፣ ከግራ ጎማ ፈለግ መካከል እስከ ቀኝ ጎማ ፈለግ መካከል ያለውን ርቀት በገመድ ለኩ። በገመዷ ላይ ቋጠሮ አሰሩና ሚስማር ላይ ሰቀሏት። የተሳቢዋ እግሮች ስፋት ያች ገመድ ሆነች። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የተሳቢ ጎማ የመኪናው ጎማ በከፈተው ፈለግ ውስጥ ከተጓዘ በጭቃም በአሸዋም አዲስ መንገድ ለመክፈት ኃይል አያባክንም፤ መኪናው ባለፈበት ያልፋል።

ብረቱን የፈለግነው በምናለሽ ተራ ነው። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው፣ ጋራዡ የጣለው፣ ፋብሪካው ያወጣው ሁሉ ተለያይቶና ተደርድሮ አዲስ ሥራ የሚጠብቅበት ስፍራ ነው። ሽማግሌው በዚያ ሲዘዋወሩ ማየት ሠዓሊ በቀለም መሸጫ ውስጥ ሲዘዋወር እንደ ማየት ያለ ነው። ብረቱን በትንሽ መዶሻ መታ ያደርጉና ድምፁን ያዳምጣሉ። የተሰነጠቀ ብረት ድምፁ ይታፈናል፤ ጤነኛው ይጮኻል። ከአሮጌ ላንድክሩዘር የወለቁ ሁለት ባለ 6 ብሎን ሞዞዎች ገዛን። ይህም የመኪናችን ቸርኬና 7.50-16 የሚለው ጎማ በተሳቢዋም ላይ እንዲገጥም፣ አንድ ተለዋጭ ጎማ ለሁለቱም እንዲበቃ ነው። ለአክስሉ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድፍን ባለ አራት ማዕዘን ብረት ተገኘ፤ ጫፎቹ በቶርኖ ተስተካክለው ሞዞዎቹ በአዲስ ኩሽኔታ ተገጠሙባቸው።

ሻንሲው ከቱቦላሬ ተሠራ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ሁለቱ የመሳቢያ ዘንጎች ከፊት ተገናኝተው እንደ መንሽ ቅርጽ ይሠራሉ፤ ነገር ግን ሣጥኑ በሚጀምርበት ላይ አያበቁም፤ ከሥሩ አልፈው ባሌስትራው እስከሚታሰርበት ድረስ ይዘልቃሉ። ዘንጉ ከሣጥኑ አፍ ላይ ቢቆም ኖሮ፣ ተሳቢዋ በነጠረች ቁጥር ጫናው ሁሉ በዚያች አንዲት የብየዳ መስመር ላይ ያርፋል፤ ውሎ አድሮም ትሰነጠቃለች። «ብየዳ መርፌ ነው፤ ልብሱን ግን የሚይዘው ጨርቁ ነው፤» አሉኝ ሽማግሌው።

ባሌስትራው ከአንዲት አሮጌ ፒካፕ የወጣ፣ ባለ 6 ቅጠል ነበር። ከእነርሱ 2ቱን አወጡ። ባሌስትራ ከሚሸከመው ጭነት በላይ ሲጠነክር አይተጣጠፍም፤ እያንዳንዱን ድንጋይ በቀጥታ ወደ ሣጥኑ ያሳልፋል፤ ብሎን ይፈታል፣ ጠርሙስ ይሰብራል። አክስሉን ደግሞ ከባሌስትራው በታች አሰሩት፤ በዚህም ሻንሲው ከመሬት ከፍ አለ፤ ድንጋይም ከሆዷ ሥር እንዲያልፍ ሆነ።

ከመኪናው ጋር የምትያያዝበትን ነገር በተመለከተ፣ በከተማ ተሳቢዎች የሚታየው ሉል መሰል መያዣ በለሰለሰ መንገድ ላይ መልካም ነው። መኪናው ወደ ጉድጓድ ሲወርድና ተሳቢዋ ገና ጉብታ ላይ ስትሆን፣ ወይም አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ግን ሉሉ የሚፈቅደው መጣመም ያልቃል። ሽማግሌው ይህን ያስረዱኝ በሞፈርና በቀንበር ነው። ሞፈሩ ከቀንበሩ ጋር በሚስማር ቢቸነከር ኖሮ በሬዎቹ ገና ሲዞሩ ይሰበር ነበር፤ ያያዛቸው ምራን ስለሆነ ግን እንደ ልባቸው ይዞራሉ። ስለዚህ ወፍራም የብረት ቀለበት በመሳቢያው ጫፍ ላይ ተበየደ፤ በመኪናው በኩል ደግሞ ቀለበቱን ውጦ የሚቆለፍ ጋንቾ ገባ። ከሥሩ ሁለት ሰንሰለቶች ተመሳቅለው ታሰሩ። ድንገት ቀለበቱ ቢለቅ የመሳቢያው ጫፍ መሬት ከመምታቱ በፊት በሰንሰለቶቹ መስቀል ላይ ያርፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሚዛን ጉዳይ ነው። የተሳቢ ጭነት ከአክስሉ ወደ ኋላ ከበዛ፣ መሳቢያው የመኪናውን ጀርባ ወደ ላይ ያነሣል፤ ፍጥነት ሲጨመር ደግሞ ተሳቢዋ እንደ ውሻ ጅራት ግራና ቀኝ ትወዛወዛለች፤ መኪናውንም ይዛ ልትገለብጥ ትችላለች። ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ የመኪናው ጀርባ ይጎብጣል፤ የፊት ጎማዎቹ ይቀልላሉ፤ መሪው አይታዘዝም። በዓለም ላይ የተለመደው ልክ ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛ ያህሉ በመሳቢያው ጫፍ ላይ እንዲያርፍ ነው። ሽማግሌው ይህን ቁጥር ከመጽሐፍ አላገኙትም። «አህያ ጭነቷ ወደ ኋላ ከሄደ ትንገዳገዳለች፤ ወደ ፊት ከሄደ ትደፋለች፤ ጥቂት ወደ ትከሻዋ ሲጠጋ ግን ቀኑን ሙሉ ትሄዳለች፤» አሉ። ከዚያም አክስሉን ከሣጥኑ መካከል ጥቂት ወደ ኋላ አደረጉት፤ የውሃውን በርሜል ቦታ ደግሞ ከአክስሉ ፊት ለፊት ወሰኑ። ተሳቢዋ ከነጭነቷ 750 ኪሎ ሆነች። መሳቢያውን በእህል ሚዛን ላይ ስናሳርፈው 75 ኪሎ አነበበ። ሽማግሌው ሚዛኑን አላዩትም፤ የሚያዩት ፊቴን ነበር።

ሣጥኗ ርዝመቷ 2 ሜትር፣ ስፋቷ 1.20፣ ከፍታዋ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ክዳኗ ወደ ኋላ ሲገለበጥ በሁለት እግሮች ላይ ቆሞ የመኝታ ወለል ይሆናል፤ በላዩም የድንኳኑ ሸራ ይወጠራል። የጥጥ ሸራ ከመጓዙ በፊት ሁለት ጊዜ በውሃ ርሶ መድረቅ አለበት፤ ክሩ ሲያብጥ መርፌ የበሳው ቀዳዳ ሁሉ ይዘጋልና። በየክዳኑ ጠርዝ ላይ ላስቲክ ተለጠፈ፤ በጥርጊያ መንገድ ላይ አቧራ ከዝናብ ይልቅ መግቢያ ያውቃል።

ሥራው ባለቀ ጊዜ፣ ከቀለበቱ አጠገብ ስማቸውን በፊደል መምቻ እንዲያሳርፉ ለመንኋቸው። ሳቁ። «ስሜ ምን ያደርግልዎታል መምህር? ብረቱ ከቆየ ይበቃል።» እኔም ሠዓሊ ስሙን ከሥራው ግርጌ መጻፉ ከትዕቢት የሚቆጠር ሳይሆን ኃላፊነት መውሰድ መሆኑን ነገርኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ ቅጹ ላይ የጻፈውን አይተዋል። ያፈረብኝ እንዳይመስልዎ። ነጋዴ ብለህ ጻፍ ያልሁት እኔ ነኝ። እኔ ተማሪ ቤት በገባሁበት ዓመት የአባቴን ሥራ እውነቱን ተናግሬ፣ ከዚያ በኋላ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ አልነበረም።»

ይህን ቃል የሰማ ሰው ስለ ልማዳችን ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቀን ማረሻውን አስቀጥቅጦ የወሰደ ገበሬ ማታ «ቡዳ ነው» እያለ በር የሚዘጋበት፣ ያለ ብረት አንዲት ቀን የማያድር ሕዝብ ብረት ሠሪውን ከማዕዱ የሚያርቅበት ዘመን ረጅም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ነገር ግን አዋጅ አንደበትን ይከለክላል እንጂ የተማሪ ቤት መቀመጫን አያደላድልም። ያ መቀመጫ የሚደላደለው በመምህሩ እጅ ነው። ሽማግሌው ግን በዚያን ዕለት ስማቸውን አላሳረፉም።

ጉዞውን በጥር አደረግን። በሻሸመኔ፣ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ አድርገን ሮቤ፣ ከሮቤም ጎባ ደረስን። ከጎባ በላይ ጥርጊያው መንገድ ወደ ሳነቴ ይወጣል። አምባው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ቱሉ ዲምቱ የተባለው ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። ጅብራው በጭጋግ ውስጥ እንደ ዘብ ቆሟል። በዓለም ላይ ካሉት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹ መኖሪያቸው እነዚሁ የባሌ ተራሮች ናቸው። ሌሊቱን በጠርሙስ የነበረ ውሃ በረዶ ሆኖ አደረ፤ በተሳቢዋ ላይ የተኙት ግን መሬት ላይ እንደተኙት እኛ አልተንዘፈዘፉም። በቆምንበት ሁሉ ተማሪዬ ከመኪናው ወርዶ ሞዞዎቹን በእጁ ይዳስስ ነበር፤ ከመጠን በላይ የጋለ ሞዞ ኩሽኔታው መታመሙን ይናገራል። ሁልጊዜም ለብ ብሎ ይገኝ ነበር።

ከሳነቴ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሐረና ደን የሚወርደው መንገድ ቁልቁለቱ የበረታ ነው። ተሳቢዋ የራሷ ፍሬን የላትምና በከባድ ማርሽ፣ የሞተሩ ኃይል እየያዘን፣ ቀስ ብለን ወረድን። በየኩርባው ከኋላችን እሷን አያት ነበር። መኪናዋ የረገጠችውን ትረግጣለች፤ አትገፋም፤ አትጎትትም።

ሪራ በተባለች መንደር ስንቆም ሰዎች ከበቡን። አንድ አዛውንት ዙሪያዋን ዞረው አዩ፤ ቀለበቱን ነካኩ፤ ባሌስትራውን ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ከዚያም በኦሮምኛ ጠየቁ፤ መንገድ መሪያችን ተረጎመልን። «ይህች ከየት አገር የመጣች ናት? ማን ነው የሠራት?» መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት ያ ዝምተኛ ተማሪ ቀደመኝ።

«አዲስ አበባ ነው የተሠራችው። የሠራት አባቴ ነው።»

ጓደኞቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። ሁለት ዓመት አብረውት ሲማሩ አያውቁም ነበር። አዛውንቱ የልጁን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና፣ አባትህ ይኑርልህ ብለው መረቁት። ያን ዕለት ማታ በእሳቱ ዙሪያ ተማሪዎቹ ስለ ብየዳና ስለ ባሌስትራ ሲጠይቁት አመሹ፤ እሱም ሳይሰለች መለሰላቸው።

ከጉዞው መልስ አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁት፤ ተሳቢዋን በሙሉ ለክቶ፣ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ የሚያሳይ የሥራ ንድፍ እንዲያወጣ። ሥራውን በአባቱ ብየዳ ቤት ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ሠራው። አባት ያለ ወረቀት የሚያውቁትን ልጅ በወረቀት ላይ አሳረፈው፤ ልጅ ያላስተዋለውን አባት በጣታቸው እያመለከቱ አሳረሙት። የቋጠሮዋ ገመድ እንኳ በሜትር ተለክታ በንድፉ ውስጥ ገባች። አሁን ያንን ወረቀት የያዘ ማንኛውም በያጅ ተሳቢዋን ሊሠራት ይችላል። በወረቀቱ ግርጌ «ሠሪ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የአባት ስም፣ «ነዳፊ» ከሚለው ቀጥሎ የልጅ ስም ተጽፏል። ሽማግሌው አይተውት «ይሁን» አሉ።

በየትምህርት ቤታችን የሚታደሉ ቅጾች አሉ፤ «የአባት ሥራ»፣ «የእናት ሥራ» የሚል መስመር ይገኝባቸዋል። በዚያ መስመር ላይ «ነጋዴ» የሚል ቃል ባየን ጊዜ ከበስተጀርባው ወናፍ፣ የሸክላ እሳት ወይም የሸማኔ ጉድጓድ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ልጁን በክፍል ፊት አስነሥቶ መጠየቅ አይገባም። ይልቁንም ተማሪዎቻችንን እርሳስና ሜትር አስይዘን ወደነዚህ የሥራ ቦታዎች እንውሰዳቸው፤ መሣሪያውን ይሣሉ፤ ልኩን ይመዝግቡ፤ ከንድፉም ግርጌ የባለሙያውን ስም ጠይቀው ይጻፉ። የእኛ ተማሪ በቀጣዩ ዓመት ምዝገባ ማንም ሳያዝዘው ቅጹን ሞልቶ ሰጠኝ። በዚያ መስመር ላይ የጻፈው «ብረት ሠሪ» የሚል ነበር።